የአንዱ አካውንት ከፋይ ማን ነው?

ድንበር ተሻግረን የምንነግድ ሰዎች ቤታችን አንድ ቦታ አይደለም። እናት ናይሮቢ ኢስሊ ሱቅ አላት። አባት በሞያሌና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሰ ዕቃ ያስጭናል። ልጆች አዲስ አበባ አያታቸው ዘንድ ሆነው ይማራሉ። ታናሽ እህት ጁባ ወይም ዱባይ ናት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በአንድ ገበታ የሚቀመጠው በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። በየቀኑ የሚጋራው ነገር ቢኖር አንድ የቴሌግራም ግሩፕና አንድ የፊልም አካውንት ነው። አካውንቱን አንድ ሰው ይከፍላል፤ ፓስወርዱ ግን አራት ቤት ይዞራል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ክርክር እንሰማለን። አንዱ «ቤተሰብ ነን፤ ድርጅቱን ምን አገባው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ስርቆት ነው» ብሎ ይደመድማል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። አንድን አካውንት ለአራት ቤት ማካፈል በመጀመሪያ የውልና የሒሳብ ጉዳይ ነው። ውሉ የፈቀደውን እንጠቀም። ያልፈቀደውን በየምንኖርበት አገር ከፍለን፣ ልዩነቱን እርስ በርሳችን እናቻችል። ከሁሉም በላይ ግን ወጪው በአንድ ሰው ላይ ተደብቆ እንዳይቀር በግልጽ ይመዝገብ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ምክንያታችንን እናስረዳ።

ደንቡ እንዴት ተለወጠ?

ይህን ልማድ ያመጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያንና ኬንያን ጨምሮ ወደ 130 ገደማ አዳዲስ አገሮች በአንድ ቀን የገባው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ነው። በዓመቱ፣ በማርች 2017፣ ራሱ ድርጅቱ በትዊተር ገጹ ፍቅር ማለት ፓስወርድ መጋራት ነው የሚል መልእክት ጽፎ ነበር። ያኔ የሚፈልገው ብዙ ዓይን ነበርና ለማን ሰጣችሁ ብሎ የጠየቀን የለም።

ነገሩ የተለወጠው በ2022 ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ድርጅቱ 200,000 ደንበኛ አጣ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያላየው ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን ለባለአክሲዮኖቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሚከፍሉት 222 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች ሌላ ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤቶች በሰው ፓስወርድ እንደሚያዩ ገለጸ። አስቀድሞ በቺሊ፣ በኮስታሪካና በፔሩ ተጨማሪ ሰው በክፍያ የሚገባበትን አሠራር መሞከር ጀምሮ ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 ወደ ካናዳ፣ ኒውዚላንድ፣ ፖርቱጋልና ስፔን አሰፋው። በሜይ 2023 አሜሪካን ጨምሮ ከ100 በላይ አገሮችን አዳረሰ። በአሜሪካ ለአንድ ተጨማሪ ሰው የጠየቀው በወር 7.99 ዶላር ነበር።

ብዙ ሰው «ደንበኛ ይሸሻቸዋል» ብሎ ነበር። አልሸሸም። በ2023 መጨረሻ 260 ሚሊዮን፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከ301 ሚሊዮን በላይ ከፋይ ደንበኛ እንዳለው አስታወቀ። ነጋዴ ስለሆንን ይህ ቁጥር የሚለውን እናውቃለን፤ የሠራለትን አሠራር መልሶ የሚተው ድርጅት የለም። ሌሎቹም ተከትለዋል። ዲዝኒ ፕላስ በ2024 ወደዚሁ መንገድ ገባ። ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ከዚያ ቀድሞ፣ በማርች 2022፣ በኢንተርኔት የሚታየውን በአንድ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ብቻ ወስኖ ነበር። የስፖቲፋይ የቤተሰብ ጥቅል እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ ግን ሁሉም በአንድ አድራሻ የሚኖሩ መሆን አለባቸው። የዩቲዩብም የቤተሰብ ጥቅል እንዲሁ በአንድ ቤት ለሚኖሩ ነው።

«ቤት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

እኛ ቤተሰብ ስንል ደም ነው፣ ጋብቻ ነው፣ አሳዳጊነት ነው። ድርጅቶቹ ደግሞ ቤት የሚሉት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ኢንተርኔት ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ነው። ቴሌቪዥኑ ከየትኛው ኢንተርኔት እንደተገናኘና መሣሪያው የቱ እንደሆነ እያዩ ይለያሉ። የልጅ እናት መሆናችሁን አያዩም።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙዎቻችን አንለየውም። መንገድ ላይ ያለ ሰው የቤቱ ሰው ነው። ናይሮቢ የሚከፍል ሰው ሞያሌ አልጋ ይዞ በስልኩ ቢያይ ከውሉ አልወጣም፤ ጉዞ የተፈቀደ ነው። ሌላ ቤት ተከራይቶ፣ ሌላ ቴሌቪዥን ሰቅሎ የሚኖር ወንድም ግን ለእነሱ ሌላ ቤት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻችንም፣ የገዛ ልጆቻችን ቢሆኑም፣ በዚህ ውል ሌላ ቤት ናቸው። ይህ ያስቆጣል፤ እኛንም አስቆጥቶናል። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን ይህ ነው።

ለኛ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ተጨማሪ ሰው በክፍያ ማስገባት ይቻላል ሲባል ድንበር አይሻገርም። በኔትፍሊክስ ደንብ ተጨማሪው ሰው የአካውንቱ ባለቤት ባለበት አገር የሚኖር መሆን አለበት። አሠራሩም በሁሉም አገር አይገኝም። ሚኒሶታ ያለ ሰው አትላንታ ላለች እህቱ ከፍሎ መጨመር ይችላል። ናይሮቢ ያለች እናት ግን አዲስ አበባ ላለች ልጇ ልክፈል ብትልም መንገድ የላትም። ደንቡ ሲጻፍ የታሰበው በአንድ አገር ውስጥ የተበተነ ቤተሰብ እንጂ እንደኛ ሦስት ገንዘብ፣ ሦስት ሲም ካርድ ይዞ የሚኖር ቤተሰብ አይደለም።

ኪራይ እንጂ ግዢ አይደለም

«አንድ ኩንታል ስኳር ከገዛሁ ለአራት እህቶቼ ባካፍል ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ሙግት አለ። ጥሩ ሙግት ነው፤ ነገር ግን አካውንት ኩንታል ስኳር አይደለም። ኮሜርስ የተማርን ሰዎች የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ በሽያጭና በኪራይ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የገዛነው ዕቃ የኛ ነው። የተከራየነው ሱቅ ግን የኛ አይደለም። አንድ ክፍል ተከራይተን ግማሹን ለሌላ ብናከራይ፣ ውሉ ካልፈቀደ አከራዩ «ውጡ» ቢለን ዳኛ አይሰማንም። የፊልም አካውንት በየወሩ የሚታደስ ኪራይ ነው።

በሌላ በኩል አከራዩም ንጹሕ ነው አንልም። ለዓመታት ደባል ሲገባና ሲወጣ በመስኮት እያየ ዝም ያለ፣ እንዲያውም «እንግዳ አብዙ» ያለ አከራይ፣ ቤቱ ከሞላ በኋላ ተነሥቶ ሕግ ቢጠቅስ ቅሬታችን እውነተኛ ነው። ቅሬታ ግን ውልን አያፈርስም። የመጣብንን ሁሉ «እነሱ ሀብታም ናቸው» እያልን ካለፍነው፣ ነገ ከኛ በዱቤ የወሰደ ደንበኛም «እናንተ ሱቅ አላችሁ» ብሎ ቢክደን መልስ አይኖረንም። እኛ የምንኖረው በቃል ነው። ዕቃችን ሞያሌ፣ ገንዘባችን ናይሮቢ፣ ተቀባያችን አዋሳ ሆኖ ሥራው የሚሄደው ሰው ቃሉን ስለሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን በግልጽ እንቃወማለን። አንደኛው ፕሮፋይል መሸጥ ነው። በቴሌግራም አንድ አካውንት ለአምስት ለማያውቋቸው ሰዎች ከፋፍለው በወር የሚሸጡ አሉ። ይህ ቤተሰብ አይደለም፤ የሰው ዕቃ ይዞ መነገድ ነው። አካውንቱ ሲዘጋ ገዢው የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ሁለተኛው አገርን በቪፒኤን ደብቆ ሌላ አገር ያለ መምሰል ነው። ይህን ለማቆየት የሚወጣው ድካምና ጊዜ ከክፍያው በላይ ይሆናል፤ ልጆቻችንም መዋሸትን ከኛ ይማራሉ።

«ኮዱን ላኪልኝ»

ከውሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባ ነገር አለ። አንድ ቴሌቪዥን ከቤት ውጭ ሲከፈት ድርጅቱ ለባለቤቱ ስልክ ወይም ኢሜይል የቁጥር ኮድ ይልካል፤ ኮዱ በ15 ደቂቃ ውስጥ መግባት አለበት። ባለቤቷ ጉምሩክ ሰልፍ ላይ ናት፤ ወይ መኪና ላይ ናት፤ ወይ ሲሟን ቀይራለች። ከአዲስ አበባ ስልክ ይደወላል። «እትዬ፣ ቶሎ ኮዱን ላኪልኝ፣ ኳሱ ሊጀምር ነው!» እትዬም ሳታነብ ቁጥሩን ትልካለች።

ይህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። የመጣ ኮድ ሁሉ የሚላክ ይመስለናል። የሞባይል ገንዘብ አጭበርባሪዎች የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ልማድ ነው። በወንድም ድምፅ፣ ወይም በተሰረቀ የወንድም ቴሌግራም «ኮድ መጥቶልሻል፣ ላኪልኝ» ይላሉ። ኤም-ፔሳም ሆነ ቴሌብር ላይ ያለው ገንዘብ የዕቃ መግዣችን ነው። ለአንድ ግጥሚያ ብለን የሱቁን በር ቁልፍ መስጠት አይገባም።

ፓስወርዱም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን አንዱን ፓስወርድ ለኢሜይልም፣ ለፌስቡክም፣ ለፊልሙም እንጠቀማለን። ለአራት ቤት የሰጠነው ፓስወርድ በአራቱ ቤት ወደሚገቡ ጓደኞች፣ ከእነሱም ወደ ጓደኞቻቸው ይሄዳል። የኢሜይሉም ፓስወርድ እሱው ከሆነ፣ የአቅራቢያችን ደረሰኝ፣ የባንካችን ደብዳቤ፣ የፓስፖርታችን ኮፒ ሁሉ በዚያው ተከፍቷል ማለት ነው።

የተደበቀው ወጪ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየቤተሰቡ አንድ ከፋይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ገንዘብ ካርድ ያላት ሰው ናት፤ ናይሮቢ ያለች ነጋዴ፣ ወይም ዱባይ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት። ካርዷን አንድ ጊዜ አስገባች፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ይቆረጣል። የቀሩት ሦስት ቤቶች የሚቆረጠውን አያዩትም። የማይታይ ወጪ ደግሞ አይመሰገንም።

እስቲ እንደምሳሌ እናስላው። በወር 12 ዶላር የሚከፈል አካውንት በ4 ዓመት 576 ዶላር ይሆናል። ለአራት ቤት ቢካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 144 ዶላር ነው። ሦስቱ ቤቶች ሳያውቁት 432 ዶላር ከአንዲት ሴት ወስደዋል ማለት ነው። በሰው ቤት ለምትሠራ እህት ይህ የብዙ ሳምንት ላብ ነው። ለነጋዴ ደግሞ መሽከርከር የነበረበት ገንዘብ ነው። በሱቁ ካርድ የሚከፈል ከሆነ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ የቤት ወጪ ከንግዱ ወጪ ጋር ይቀላቀልና ዓመቱ ሲያልቅ ያተረፍነውን አናውቅም።

ለአዲስ አበባው ቤትም ነገሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 29 ቀን 2024 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የምንዛሪው አሠራር በዚያ ቀን ከተለወጠ በኋላ ዓመቱ ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። 8 ዶላር የሚከፈልበት ነገር በ57 ብር ሒሳብ 456 ብር ነበር፤ በ125 ብር ሒሳብ 1,000 ብር ሆነ። አዲስ አበባ ያለው ወንድም «ድርሻዬን እከፍላለሁ» ያለው ያኔ ከሆነ፣ ዛሬ ያው ቃል ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ አይከፍልም፤ ግን አፍሮ አይናገርም። ከፋይዋም አፍራ አትጠይቅም። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም በበዓል ቀን በሌላ ነገር ይፈነዳል። ስንት ቤት በትንሽ ነገር ተኮራርፎ አይተናል!

«በቤተሰብ መካከል ሒሳብ ነውር ነው» የሚሉን አሉ። እኛ እንዲያ አላደግንም። እናቶቻችን ዕቁብ ሲጥሉ ጎረቤትና ዘመድ ናቸው፤ ነገር ግን ጸሐፊ አለ፣ ደብተር አለ፣ ቀን አለ። ዕድር ላይ ወንድም ነህ ተብሎ ወርሐዊ መዋጮ የሚቀርለት የለም። ዕቁብና ዕድር እስከ ዛሬ የቆዩት ፍቅር ስለሌለባቸው ሳይሆን ፍቅሩን ከሒሳቡ ስለለዩት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አካውንቱም እንደ ሎሚው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያይ እንጠይቅ። አያት የምታየው መዝሙርና በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ነው፤ መዝሙሩ በዩቲዩብ፣ ድራማው ደግሞ ቃና በ2016 ከጀመረ ወዲህ በሳተላይት ያለ ወርሐዊ ክፍያ ሲታይ የኖረ ነው። ወንዶቹ የሚፈልጉት ኳስ ነው፤ ኳስ ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ ሳይሆን በዲሽ ነው፣ ለዚያም በብር የሚከፈልበት መንገድ አለ፣ ሰፈር ያለው ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ቤትም አለ። ተከታታይ ፊልም በእውነት የምትከታተለው ናይሮቢ ያለችው ልጅ ብቻ ናት እንበል። ታዲያ ስንት አካውንት ያስፈልጋል? ብዙ ጊዜ አራት ቤት የተጋራውን አካውንት በእውነት የሚጠቀምበት አንድ ወይም ሁለት ቤት ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ፣ በአንድ አገር ያሉ ቤቶች በአንድ አገር ይደራጁ። ናይሮቢ ያሉ ሁለት ቤቶች በሽልንግ ይክፈሉ። ተጨማሪ ሰው በክፍያ ማስገባት የሚቻልበት አገር ከሆነ እሱን ይጠቀሙ። ከሌለ እያንዳንዱ ቤት አነስተኛውን ጥቅል ይያዝ። በ2023 መጀመሪያ ኔትፍሊክስ ከ30 በላይ አገሮች ላይ ዋጋ ሲቀንስ ኬንያ አንዷ ነበረች፤ በስልክ ብቻ የሚታየው ጥቅል ያኔ ወደ 200 ሽልንግ ወርዶ ነበር። ከፍተኛውን ጥቅል ገዝቶ ለአራት ቤት ከመበተን ይህ ሊረክስ እንደሚችል ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ሦስተኛ፣ ከአገር አገር ያለውን ልዩነት በገንዘብ ሳይሆን በሒሳብ አቻችሉ። ይህ ለኛ ለነጋዴዎች አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ወንድም የልጆቹን ዲሽ በብር ይከፍላል፤ ናይሮቢ ያለችው እህት የራሷን በሽልንግ ትከፍላለች። የልጆቹ ድርሻ የእሷ ከሆነ፣ በቡናው ወይም በጨርቁ ሒሳብ ላይ ይቀነስላታል። ለ8 ዶላር ብሎ ሐዋላ መላክ አያስፈልግም፤ በደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይበቃል።

አራተኛ፣ ባለቤትና ድርሻ ይጻፍ። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ይለጠፍ፤ አካውንቱ የማን ነው፣ በወር ስንት ነው፣ ማን ምን ያህል ያዋጣል፣ ቀኑ መቼ ነው። መክፈል የማይችል ካለ ስሙ ላይ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፍ። ስጦታ መስጠት ያኮራል፤ ሳይታወቅ መበላት ግን ያማል። ገንዘቡ ያው ሆኖ የሚለየው መታወቁ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትያዙ። እነዚህ ክፍያዎች በየወሩ የሚቋረጡ ናቸው። ፆም ሲገባ፣ ፈተና ሲቃረብ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዝጉት። ኔትፍሊክስ የዘጋ ሰው ምን ድረስ እንዳየ ለ10 ወር ያስቀምጣል፤ ተመልሶ ሲከፍል ካቆመበት ይቀጥላል። ራሱን ችሎ የሚወጣ ወንድምም ፕሮፋይሉን ወደ አዲሱ አካውንቱ ማዛወር ይችላል። ያየው ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ «ዝርዝሬ ይጠፋብኛል» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ስድስተኛ፣ የፊልሙ ፓስወርድ ለብቻው ይሁን። ከኢሜይል፣ ከባንክ፣ ከሞባይል ገንዘብ ጋር አይመሳሰል። ኮድ ሲመጣ ከየት እንደመጣ ሳታነቡ ለማንም አትላኩ። የጠየቀው ወንድም ቢሆንም ደውላችሁ በድምፅ አረጋግጡ። ልጆችም ይህን ደንብ ይወቁ።

ይህን ስናደርግ የሚቀርብን ነገር

እውነቱን እንነጋገር፤ የሚቀርብን ነገር አለ። ልጆች ርቀው ሲያድጉ እናት ከእነሱ ጋር የምትጋራው ትንሽ ነው። አካውንቱን ስትከፍት ልጇ ማታ ምን እንዳየ፣ የትኛው ክፍል ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ታያለች። በስልክ «ደኅና ነኝ» ብቻ የሚል ልጅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ትንሽ ይታያል። አካውንቱ ሲለያይ ይህ ይቀራል። ለዚህ ነው ብዙ እናቶች ወጪውን እያወቁ ዝም የሚሉት፤ ንፉግ መባልን ፈርተው ብቻ አይደለም።

ይህን እናከብራለን። ግን ልጅ አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ያየውን ሁሉ አጎቱም፣ አክስቱም፣ የአክስቱ ባልም እንዲያዩበት አይፈልግም። ያቺ ዝርዝርም ወሬ አይደለችም። ከዝርዝር ይልቅ ቀጠሮ ይሻላል። እሁድ ማታ በአንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባም ናይሮቢም ሰዓቱ አንድ ነውና፣ በነፃ የሚገኝ አንድ ነገር መርጦ በየቤቱ እያዩ በስልክ ማውራት ይቻላል። አያትም ትገባበታለች። የምንፈልገው አብሮ መሳቅ ከሆነ ይህ ከፓስወርድ የበለጠ ያቀራርባል።

ለድርጅቶቹም አንድ ቃል

ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሳችን አንወስድም። በዚህ አካባቢ ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ሞያሌ ከተማ ራሷ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ናት። በዚያ ከተማ የአንድ እናት ልጆች የእግር መንገድ ርቀት ላይ ሆነው ለእነዚህ ድርጅቶች ሁለት አገር ናቸው። መንግሥታት እንኳ ይህን አይተው የሁለቱን አገር ፍተሻ በአንድ ቦታ የሚጨርስ የድንበር ጣቢያ እዚያ ከፍተዋል። የስልክ ድርጅቶችም በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በደቡብ ሱዳን መካከል የድንበር ተሻጋሪ ጥሪን ዋጋ የቀነሰ አሠራር ከ2014 ጀምሮ ዘርግተው አይተናል። ስልክ የቻለውን ፊልም የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

የምንጠይቀው ነፃ ነገር አይደለም። በሁለት የተለያዩ አገሮች ያሉ ሁለት ቤቶችን የሚይዝ፣ ዋጋው የታወቀ፣ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን በየአገሩ ገንዘብ በሞባይል የሚከፍልበት ጥቅል ያውጡልን። የመብት ጉዳይ ካለባቸው፣ ፊልሙ በአንዱ አገር አይታይም ይበሉን፤ እንረዳለን። ዝም ብለው ግን የናይሮቢዋን እናት ከአዲስ አበባ ልጇ ጋር አንድ ቤት አይደላችሁም ቢሏት፣ ከፋይ ደንበኛቸውን ራሳቸው ወደ ቪፒኤንና ወደ ቴሌግራም ሻጮች እየገፉ ነው።

እስከዚያው ድረስ የቤታችንን ሒሳብ እኛው እንያዝ። የዚህ ወር ክፍያ ከመቆረጡ በፊት በግሩፓችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «አካውንቱን የምትከፍለው ማናት? እስከ ዛሬስ ስንት ከፈለች?» መልሱን ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ትደነግጣላችሁ። ከዚያ ድርሻው ይከፋፈል፣ ወይም አካውንቱ ይለያይ፣ ወይም ስጦታ መሆኑ ይነገርና ምስጋናዋን ታግኝ። ከሦስቱ አንዱ ይሁን፤ ዝምታው ግን ይቅር።